አንድ መረሬ ማሳ፣ ሦስት አስተራረስ፦ የሸንኮራ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት አጋማሽ

ወንጂ አካባቢ፣ ከአዋሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ቤተሰባችን ከሩብ ሄክታር ትንሽ የምትበልጥ ማሳ አለችው። አፈሯ መረሬ ነው። ሲርስ ጫማ ይነጥቃል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እስካሁን ሽንኩርትና በቆሎ ሲፈራረቁባት ኖሩ፤ ዘንድሮ ሸንኮራ እንሞክር ተባለ። ለፋብሪካ አይደለም። ተልጦ ለሚበላው፣ አዳማ መንገድ ዳር ተቆልሎ ለሚሸጠው ነው።

ሸንኮራ እንደ ሽንኩርት አይደለም። አንዴ ከተተከለ ለዓመታት እዚያው ነው፤ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቆረጣል። ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ከጉቶ የሚመጣውን ዙር ራቱን ይሉታል። ታዲያ ከተከላ በፊት የታረሰው እርሻ ለዚያ ሁሉ ዙር መብቃት አለበት። ሥሩ መሬቱን ከያዘ በኋላ ከታች ገብተህ የምታስተካክለው ብዙ ነገር የለም።

ስለ አስተራረሱ ሁሉም የራሱ አለው። አባቴ "ሸንኮራ በጥልቀት ካልታረሰለት ነፋስ ይጥለዋል" ባይ ነው። ጎረቤታችን ትራክተር አስገቡና በአንድ ቀን ተገላገሉት ይላል። እኔ ያነበብኩት አብዛኛው ደግሞ መሬቱን ባትነካካው ይሻላል የሚል ነው፤ ግን የተጻፈው ስለ ሌላ አገር አፈር ስለሆነ እዚህ ጥቁር ጭቃ ላይም ይሠራል ብዬ አልምልም። ስለዚህ ማሳዋን ለሦስት ከፍለን እንየው አልኩ። አባቴ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ "ቢበላሽም የሚበላሸው ሲሶው ነው" ብሎ ተወኝ።

አንደኛው ሲሶ በበሬ ይታረሳል፣ እንደ ድሮው እየተደጋገመ። ሁለተኛው በትራክተር፣ መጀመሪያ በዲስክ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይከሰከሳል። ሦስተኛው ላይ የሸንኮራው መደዳ ብቻ በዶማ ይከፈታል፤ በመደዳዎቹ መሃል ያለው መሬት አይነካም፣ በደረቅ ቅጠል ይሸፈናል። የመደዳው ርቀት በሦስቱም ላይ 1.45 ሜትር ነው፤ በስኳር ፋብሪካዎቹ እርሻ የተለመደው ልክ እሱ ስለሆነ እኛም ወሰድነው። የምከፍተው ቦይ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በሦስተኛው ሲሶ የሚነካው መሬት ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው።

ጥቅምት መጨረሻ

ማንም ሳያርስ አፈሩን መለካት አለብኝ። አለበለዚያ በኋላ የማወራው ሁሉ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ጉድጓድ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቆፈርኩና ግድግዳውን በቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች እየወጋሁ ወረድኩ። ላይኛው ስንዝር ያህል ቢላው በቀላሉ ይገባል። ከዚያ በታች ድንገት ይጠጥራል፣ ሦስትና አራት ጣት ያህል ወርዶ ደግሞ ይለሰልሳል። የድሮው የበቆሎ ሥር እዚያ ጠጣር ቦታ ላይ ደርሶ ወደ ጎን ታጥፏል። ማረሻ ስንት ዓመት ሙሉ እስከዚያው ጥልቀት ብቻ እየሄደ፣ ከበታቹ ያለውን አፈር እየደመደመ የሠራው ወለል ነው። የእኛ ማረሻ መጀመሪያ ሲገባ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚጭረው፤ ሲደጋገም 15፣ ቢበዛ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ወለሉም ልክ እዚያ ተኝቷል። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ራሱ በቢላው ሞከረው። ብዙ አልተናገረም፣ ግን ሁለት ሌላ ቦታ አስቆፈረኝ።

ከዚያ ጥጥረቱን በቁጥር። ዘዴው ቀላል ነው። ሁለቱም ጫፍ የተከፈተ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወደ አፈሩ ይመታል፣ ሞልቶ ይወጣል፣ ትርፉ በቢላ ይላጫል፣ አፈሩ ደርቆ ይመዘናል። ደረቁ ክብደት ለጣሳው ይዘት ሲካፈል የአፈሩ እፍጋት ይገኛል። ላቦራቶሪ በ105 ዲግሪ ነው የሚያደርቀው። እኔ በእናቴ አሮጌ ምጣድ ላይ እያማሰልኩ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደረቅኩት። እናቴ ስለ ምጣዱ ያለችውን እዚህ አልጽፍም። የጣሳው ይዘት 430 ሚሊ ሊትር ነው። ከላይኛው ስንዝር የወጣው 500 ግራም መዘነ፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.16 ግራም። ከወለሉ የወጣው 600 ግራም፣ 1.40። እንዲህ ዓይነት ሸክላ አፈር 1.4 አካባቢ ሲደርስ ሥር መቸገር ይጀምራል ስለሚባል በቆሎው የታጠፈው በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ መረሬ ለሚለካ ሰው አንድ ነገር። ይህ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል። ዛሬ እርጥብ ሆኖ የለካኸውንና ከወር በኋላ ደርቆ የለካኸውን ብታወዳድር፣ ያወዳደርከው እርሻውን ሳይሆን እርጥበቱን ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ሲሶ በአንድ ቀን፣ ውሃ ከጠጡ በኋላ በተመሳሳይ ጊዜ ለመለካት ወስኛለሁ።

ሌላው የውሃ አሰራረግ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቀለም ጣሳ ታቹ ተቆርጦ በግማሽ ይቀበራል፣ 440 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈስበታል፣ ጠልቆ እስኪያልቅ ሰዓት ይያዛል። ያ የውሃ መጠን በጣሳው ውስጥ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር አይቆጠርም፤ በተለይ መረሬ ላይ፣ ውሃው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በአንድ ትንፋሽ ይጠፋልና። እውነቱ የሚታየው ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ በሚፈሰው ላይ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ብርጭቆ ነው። የደረቀ ጓል በወንፊት ላይ አድርገህ ውሃ የሞላው ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለህ ታስገባለህ። ጤነኛ አፈር ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የደከመው ይፈርሳል፣ ወደ ታች ይዘንባል። የእኛው በዓይኔ እያየሁ ፈረሰ።

ኅዳር

በሬው ገባ። ያረሱልን አዛውንት እዚሁ ቀበሌ ሁሉም አባባ የሚላቸው ሰው ናቸው። "አባባ፣ ስንቴ ይደግሙታል?" አልኳቸው። "ጓሉ እስኪሰበር ነዋ ልጄ" አሉኝ። መጀመሪያ ሰነጠቁት፣ ትንሽ ቀን አቆይተው አቋርጠው ደገሙት፣ ከዚያ እንደገና። በየመሃሉ ፀሐዩ ጓሉን ይሠራዋል፤ ደርቆ፣ ሌሊት በጤዛ ትንሽ ረጥቦ፣ ራሱ ይሰነጣጠቃል። እሳቸው ይህን ጠብቀው ነው የሚያርሱት። ጠዋት መጥተው አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው "ዛሬ አይሆንም" ብለው የተመለሱበት ቀን ነበር።

ትራክተሩ ሌላ ነገር ነው። ባለ ትራክተሩ ወረፋ አለበት፤ የእኛ ተራ የደረሰው ላዩ ደርቆ ታቹ ገና እርጥብ ሳለ ነው። እርጥበቱን የማይበት መንገድ አለኝ። ከሚታረሰው ጥልቀት አፈር አውጥተህ በመዳፍህ መሃል ታሻሸዋለህ። ሳይቆረጥ እንደ ቀጭን ገመድ ከረዘመ ለእርሻ ገና ነው። ከተፈረካከሰ ደርሷል። ላይኛው ተፈረካከሰ፣ የስንዝሩ ግን ረዘመ። ይህን ብነግረውም ዛሬ ካልሆነ ወደ ሌላ ወረዳ ሊሄድ ነው። አብዛኛው ገበሬ ትራክተር የሚያገኘው እንዲህ ስለሆነ ይግባ አልን፣ ሙከራውም የእውነት ይሆናል።

ዲስኩ እየገለበጠ ሲያልፍ የወጣው ጓል አንዱ ጎኑ ያብረቀርቅ ነበር። ያ መብረቅረቅ ደስ ይላል፣ ግን ብረቱ እርጥቡን ሸክላ ቀብቶ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ነው የሄደው። ከዚያ መከስከሻው መጣ፤ አንዴ፣ ደግሞ በማቋረጥ። ሲጨርስ ላዩ ዱቄት ነው። አባቴ እጁን አስገብቶ "እርሻ ማለት ይሄ ነው" አለ። ከዱቄቱ በታች ምን እንዳለ በኋላ እናያለን።

የእኔ ሲሶ ገና ቁፋሮ ላይ ነው። በመቆፈሪያና በዶማ 30 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ወለሉን እየሰበሩ መሄድ ቀላል አይደለም። ቀን ሠራተኛ ይዘንም ከትራክተሩ ኪራይ በላይ አስወጣን። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፦ ሰፊ መሬት ላይ በእጅ አይሠራም። ትልልቆቹ እርሻዎች ለዚህ ሥራ በትራክተር የሚጎተት፣ መሬቱን ሳይገለብጥ ከታች ብቻ የሚሰነጥቅ እግር ያለው ማረሻ አላቸው።

ታኅሣሥ

ተከልን። ዘር አገዳው ለጋ ሸንኮራ ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት አይን (ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ) ያለው። ከግንዱ ሥር ያለው አይን ደንዝዟል፣ ከላይ ወዳለው ያለው ቶሎ ይበቅላል፤ ስለዚህ የታችኛውን ክፍል ለገበያ ትተን የላዩን ለዘር አደረግን። ቁራጩ ቦዩ ውስጥ ተጋድሞ፣ ጫፍ ለጫፍ ተገናኝቶ፣ ከአራት ጣት ባልበለጠ አፈር ተሸፈነ።

ጎረቤታችን ሸንኮራውን ቆርጦ ቅጠሉን ሊያቃጥል ነበር። "ከምታቃጥለው ስጠኝ" ብዬ በጋሪ አመጣሁት። ለምን እንደፈለግኩት ሲሰማ ሳቀ፣ ግን አብሮ ጫነልኝ። በሦስተኛው ሲሶ መሃል መሃሉን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ንጣፍ አለበስኩት። ሸንኮራ በሄክታር ከ10 እስከ 20 ቶን ደረቅ ቅጠል ይሰጣል ይባላል፤ ስትሸከመው ታምናለህ።

ጥር

ቀድሞ የበቀለው የትራክተሩ ነው።

እኩል፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ተሰመረ። የበሬው ተከተለ፣ እዚህም እዚያም ክፍተት አለው። የእኔ መጨረሻ ሆነ። አባቴ በየጠዋቱ ማሳው ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የላመ አፈር ቁራጩን በደንብ ይነካዋል፣ እርጥበቱን ያደርሰዋል፣ ፀሐይም ቶሎ ያሞቀዋል። ወንጂ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ የእኔ መደዳ ደግሞ ግራና ቀኙ ቅጠል ስለተነጠፈበት ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ቅጠሉን ከመደዳው በስንዝር አራቅኩት። ከዚያ በኋላ ፈጠነ። ንጣፉን ተከላው ከበቀለ በኋላ ብቻ ማምጣት ሳይሻል አይቀርም፤ ለሚቀጥለው ሰው።

አረሙ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በትራክተሩ ሲሶ ሰርዶው በየቦታው ፈነዳ። መከስከሻው ሥሩን ከትፎ ከትፎ ዘርቶታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አዲስ ሰርዶ። እንግጫውም እንደዚያው። በበሬው ላይ መካከለኛ ነው፣ አባባ ሲያርሱ የወጣውን ሥር ልጆች ለቅመውት ነበር። ከቅጠሉ ሥር አረም የለም ማለት ይቻላል፣ እንግጫ ብቻ እየበሳ ይወጣል።

የካቲት

ውሃ። አሁን ነው ነገሩ የሚጀምረው።

በቦይ ነው የምናጠጣው። የትራክተሩ ሲሶ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ውሃውን ጠጣ። ከዚያ ላዩ መያዝ ጀመረ። ያ ዱቄት የመሰለ አፈር ውሃ ሲያገኘው ቅንጣቱ እየተንሳፈፈ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። አሁን ውሃው ቦዩ ጫፍ ላይ ተኝቶ ይቀራል። በቀለም ጣሳው ሁለተኛውን ዙር ስለካ የበሬው ሲሶ ውስጥ ውሃው ሲያልቅ የትራክተሩ ገና ግማሹ ላይ ነበር። በቅጠሉ ሥር የለካሁት ከሁለቱም ፈጠነ።

የቅጠሉ ሲሶ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው በቅጠሉ መሃል እየተንፏቀቀ ነው የሚሄድ፤ እዚህ ይገታል፣ እዚያ ያመልጣል፣ አጠጪው እስኪሰለች። መፍትሔው ቅጠሉን አንድ መሃል እየዘለሉ መከመር ሆነ፦ በአንዱ መሃል ውሃ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ቅጠል ይተኛል። ሌላም አገር በቦይ የሚያጠጡ እንዲህ ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲህ አጠጪው አላጉረመረመም።

መጋቢት

የእኔ ሲሶ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤት ሁሉ አይቶታል፣ ሁሉም አስተያየት ሰጥቷል።

የሚጠበቅ ነው። የሸንኮራ ቅጠል ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጂኑ ትንሽ ነው። እሱን የሚበሉት ረቂቅ ሕዋሳት የጎደላቸውን ናይትሮጂን ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ሸንኮራው ይራባል። ቆይቶ ይመልሱታል፣ ግን ሸንኮራው ያንን አያውቅም። ዩሪያ ጨመርኩ። ቅጠሉ ላይ በተን አድርጎ መሄድ ብክነት ነው፤ ዩሪያ በደረቅ ቅጠል ላይ ከቀረ ቀላል የማይባለው በአየር ላይ ይሄዳል። በመደዳው ጎን ቀጭን ትልም ከፍቼ ቀበርኩት፣ ወዲያው አጠጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አረንጓዴው ተመለሰ።

ምስጥም መጥቷል። ደረቅ ቅጠሉን እየበላ ነው፤ እስካሁን ወደ ሸንኮራው አልዞረም። ዓይኔን አልነቅልም።

ግንቦት

ሸንኮራው ከሰው ቁመት ሊበልጥ ነው። ሦስቱንም አንድ ቀን አጠጥተን፣ አፈሩ ሲጠነፍፍ፣ በየሲሶው መሃል ላይ ቆፈርኩ።

የትራክተሩ ግድግዳ በጣም ያስተምራል። ላዩ ቅርፊት፣ ከሥሩ የላመ፣ ከዚያ ከስንዝር ትንሽ ወረድ ብሎ ያ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ አሁንም አለ፤ በቢላ ስፈለቅቀው እንደ ሰሌዳ ይነሳል። ሥሩ እሱ ላይ ደርሶ ይንጋደዳል። ማለት አሮጌው የማረሻ ወለል በዲስኩ ተሰበረ፣ በምትኩ ትንሽ ዝቅ ብሎ አዲስ ተሠራ። የትራክተሩ ጎማ የሄደበት መስመር ደግሞ እስከ ታች ደድሯል፣ እዚያ ላይ መከስከሻው ያላላው የላዩን ብቻ ነው።

የበሬው ያው የድሮው ወለል ነው። አልተባባሰም፣ አልተሻለም።

በእኔ ሲሶ መደዳው ሥር ወለሉ ተሰብሯል፣ ሥሩ በዚያ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወርዷል። መሃሉ ላይ ወለሉ እንዳለ ነው፣ ግን ከቅጠሉ ሥር ያለው የላዩ አፈር እንደ ቆሎ ፍርፍር ሆኗል፣ የምድር ትል መንገድም አየሁበት። በሌሎቹ ሁለት ሲሶዎች ትል ፈልጌ አጣሁ። ትል ቀዳዳውን የሚያበጀው ማንም ካላፈረሰበት ነው።

ብርጭቆው ፈተና ላይ ሦስቱን ጓል ጎን ለጎን አስገባሁ። የትራክተሩ ወዲያው ሟሟ። የበሬው ትንሽ ተንገታገተ። ከቅጠሉ ሥር የመጣው ጠርዙ ብቻ ረገፈ፣ ውሃውም ጥርት ብሎ ቀረ። አባቴ ብርጭቆዎቹን ሲያይ ቆይቶ "ሸንኮራው ግን የሁሉም አንድ ነው" አለ። ልክ ነው፣ ቁመታቸው ከሩቅ አይለይም።

ሐምሌ

ዝናብ ስለሆነ ማንበብ ነው የቀረኝ። ሌሎች ምን አዩ?

የአውስትራሊያ ሸንኮራ አምራቾች ምርታቸው እየወረደ ሲያስቸግራቸው ከ1993 እስከ 2006 በኅብረት አጠኑት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ ከታች ያሉትም።) ያገኙት ጥፋተኛ አንድ አልነበረም፤ ሸንኮራን በሸንኮራ ላይ ደጋግሞ መትከል፣ ከባድ መኪና በየቦታው መንዳት፣ እና ከመጠን ያለፈ እርሻ ተደጋግፈው ነው የጎዱት። መደዳቸው 1.5 ሜትር ነበር፣ የመኪናው ጎማ ርቀት ደግሞ ከዚያ ይሰፋል፤ ስለዚህ ጎማው ሁልጊዜ የመደዳውን ጠርዝ ይረግጥ ነበር። መፍትሔያቸው መደዳውን ከጎማው ጋር ማስማማት፣ መኪናው ሁሌ በአንድ መስመር እንዲሄድ ማድረግ፣ በሁለት የሸንኮራ ዙር መሃል ጥራጥሬ መዝራት፣ ቅጠሉን መተው፣ እና ማረስን መቀነስ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ። ይህቺ "አንድ ላይ" የምትለው ነች የምትረሳው። ማረስ ብቻ ትተህ በጎማ ብትደመድመው ምን ትርፍ አለው?

ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አጠገብ ማውንት ኤጅኮም ላይ፣ ቅጠል ማቃጠልንና መተውን የሚያወዳድር ሙከራ ከ1939 ጀምሮ አለ፤ ቅጠሉ በተተወበት የላይኛው አፈር ካርቦኑ ከተቃጠለበት በልጦ ይገኛል። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ግዛት በ2002 ማቃጠልን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣ። እነሱ የተነሱት በዋናነት ጭሱ ስላስቸገራቸው ነው፣ አፈሩ አብሮ ተጠቀመ።

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ ሆላንዶች ያቋቋሙት የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው (ይህ በእኛው አቆጣጠር)። እዚያ ዙሪያ ያለው መሬት ስንት የሸንኮራ ዙርና ስንት ከባድ ጋሪ እንደተሸከመ አስቡት። የእኛ ማሳ ገና ጀማሪ ናት፤ የደደረውን ከማከም ሳይደድር መጠንቀቅ ይቀላል።

ነሐሴ

እዚህ ላይ የእኔ ሲሶ ተሸነፈ፣ ቢያንስ ለዚህ ወር።

መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ያልታረሰና ቅጠል የለበሰ መረሬ ደግሞ የበለጠ። ዝናቡ ሲከታተል መሃሉ ረግረግ ሆነ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ገረጡ። የበሬው ሲሶ ላይ አባባ ሰኔ ውስጥ መጥተው በማረሻ አፈሩን ወደ ሸንኮራው ሥር አስታቅፈውት ስለነበር መደዳው ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ብሏል፤ ውሃው በዚያ ወርዶ ሄደ። ከሦስቱም ክረምቱን በደህና ያለፈው እሱ ነው። የትራክተሩ ላይ ውሃው ከቅርፊቱ በላይ ቆሞ ሰነበተ፣ ነፋስ ሲመጣም ጥቂት ሸንኮራ ጋደም ጋደም ብሏል። አባቴ ነፋስ ይጥለዋል ያለው ጠልቆ ላልታረሰው ነበር፤ የወደቀው ጠልቆ የታረሰው ነው፣ ሥሩ ያንን ሰሌዳ አላለፈማ። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ስለዚህ "አትረስ" የሚለው ምክር እዚህ አፈር ላይ እንዳለ አይወሰድም። የስንዴ ገበሬዎች መረሬ ላይ መደብ እየሠሩ ውሃውን የሚያጠነፍፉት ወደው አይደለም። የእኔም መደዳ ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ መደቡ አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ ሳይፈርስ ለራቱኖቹ ሁሉ ይቆያል።

ኅዳር

ቆረጥን። ለሚላጥ ሸንኮራ ዓመት ገደማ ይበቃዋል።

የእያንዳንዱን ሲሶ አንዳንድ መደዳ ለብቻ መዝነን አየን። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የበሬው ቀደመ፣ የሌሎቹ ሁለቱ አይራራቁም። በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ ለሚፈርድ ሰው ትራክተሩ ምንም አላጠፋም፤ እንዲያውም በድካም ካየኸው ርካሹ እሱ ነበር። ገበሬው ለምን እንደሚመርጠውም እዚህ ጋ ይገባል።

አፈሩ ግን ተለያይቷል። ከመቁረጡ በፊት አጠጥተን በአንድ ቀን በጣሳው የለካሁት የመሃሉ የላይኛው ስንዝር፦ የትራክተሩ 570 ግራም፣ ማለትም 1.33። የበሬው 545፣ 1.27። ከቅጠሉ ሥር 490፣ 1.14። የታረሰው ከዓመት በኋላ ካልታረሰው በልጦ መጠጠሩ ያስገርም ይሆናል። እርሻ የሚያላላው ለጥቂት ወር ነው። ቅንጣቱን አንድ ላይ የሚያጣብቀው ብስባሽና የፈንገስ ክር ሲቆራረጥ አፈሩ መልሶ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥም ከፊቱ የባሰ ይታፈጋል። ብስባሹ ራሱ አየር ሲያገኝ ፈጥኖ ይቃጠላል፤ ሞቃት አገር ነን፣ ውሃም አለ፣ ለዚያ ምንም አይጎድለውም።

ሸንኮራውን ሲያወጡ ጋሪው በአንድ መስመር ብቻ እንዲገባ አደረግን። ባለ ጋሪው "ለአህያዬም መንገድ ልታወጣላት ነው?" አለኝ። አዎ፣ ለአህያዋም።

አሁን ክርክሩ ቅጠሉ ላይ ነው። አባቴ ማቃጠል ይፈልጋል፦ እባብ ይገባበታል፣ አይጥ ይራባበታል፣ እሳትም ካመለጠ ለጎረቤት ይተርፋል። ሁሉም እውነት ነው። ተደራደርን። በቤቱ በኩል ያሉት መደዳዎች ይጸዳሉ፣ ቅጠላቸው ወደ ውስጥ ይወሰዳል። የቀረው አንድ መሃል እየዘለለ ይተኛል፣ በሦስቱም ሲሶ ላይ። ትራክተር ከእንግዲህ አይገባም፤ ለራቱኑ የሚያስፈልገው ጉቶውን ከመሬት እኩል መላጨት፣ የደረቀበትን በአዲስ ቁራጭ መሙላትና ዩሪያውን መቅበር ነው። የእኔን ሲሶ ክረምት ሳይገባ አባባ በማረሻ ያስታቅፉታል። መሃሉ ትንሽ ይነካል፣ ግን ውሃው ይወርዳል።

ጎረቤታችን ትናንት መጣና የትራክተሩን ሲሶ ቅርፊት በጫማው ሰበር ሰበር አደረገ። ዘንድሮ የራሱን አሮጌ ሸንኮራ ነቅሎ እንደገና ሊተክል ነው። መጀመሪያ መሬቱን በቦሎቄ አንድ ወቅት አሳርፈው፣ ከዚያ ድሮ የመደዳዎቹ መሃል በነበረው ላይ ብቻ መደዳ ክፈት አልኩት። "ቦሎቄውስ ይሁን፣ ዶማው ግን ማን ሊቆፍርልኝ?" አለኝ። የማረሻውን ጫፍ በደንብ አስርዝመን፣ በአንድ ፈር ላይ እየተመላለስን በበሬ ወለሉን መስበር ይቻል እንደሆነ ከአባባ ጋር ቅዳሜ የእሱ ማሳ ላይ እንሞክራለን።